ወንድማችን ግዳጅ ላይ ተሰዋ፤ ቤተሰቡ ከቀበሌና ከክፍለ ከተማ ምን ማግኘት ይችላል? (ባሕር ዳር)

የዓባይ ማዶዋ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። እዚህ ሁሌ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ጨንቆኝ ነው።

ታላቅ ወንድሜ መከላከያ ውስጥ 12 ዓመት አገልግሎ ባለፈው ዓመት ግዳጅ ላይ እያለ ተሰዋ። ሚስቱና ሁለት ልጆቹ ዓባይ ማዶ ኪራይ ቤት ነው ያሉት፣ ትልቋ 9 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ 4። እናታችንም አብራቸው ትኖራለች። የሚጦራት እሱ ነበር። ደመወዝ በገባ ቁጥር መጀመሪያ የሚደውለው ለሷ ነው፣ «እማዬ ዛሬ ቡና አስገዢ» ይላታል።

መርዶው ሲመጣ ጎረቤቱም ዕድሩም አልተለየንም፣ እግዜር ይስጣቸው። አርባው ወጣ፣ ሰዉም ወደየሥራው ተመለሰ። የቤት ኪራዩ ግን በየወሩ ይመጣል። የወንድሜ ሚስት መንገድ ዳር ጀበና ቡና ትሸጣለች፣ በሱ ነው የያዘችው።

አሁን ያስቸገረን የወረቀቱ ነገር ነው። አንድ ቢሮ ስንሄድ «ይሄ የፌዴራል ጉዳይ ነው፣ እኛን አይመለከትም» አሉን። ወደተባልነው ስንሄድ «መጀመሪያ ከቀበሌ አጽፋችሁ ኑ»። ቀበሌ ስንሄድ ደግሞ «ከነበረበት ክፍል ደብዳቤ ካልመጣ አንጽፍም»። ሦስት ዙር ዞርን። ባለፈው ሐሙስ የወንድሜ ሚስት ትንሹን ልጅ ይዛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ተኩል ኮሪደር ላይ ቆማ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብላ ተመለሰች። ያን ቀን ቡናውን አልሸጠችም ማለት ነው።

ሌላም ነገር ተገኘ። ስሙ በመከላከያው ወረቀት በ«ሀ» ነው የተጻፈው፣ በጋብቻው ወረቀት በ«ሃ»። አንዷ ጸሐፊ ይህን አይታ «ሁለት ሰው ሊሆን ይችላል» አለች። እናቴ ይህን ስትሰማ «እኔ ነኝ የወለድኩት፣ አንድ ነው» ብላ እዚያው አለቀሰች።

የሚያውቅ ሰው ቢኖር ከየት እንደሚጀመር ይንገረኝ። ጡረታው እንዴት ነው የሚከፋፈለው? እናቴስ መብት አላት? ከከተማው በኩልስ ለኪራይም ሆነ ለልጆቹ ትምህርት የሚደረግ ድጋፍ አለ? በእመቤቴ፣ «ይመስለኛል» ሳይሆን ያለፋችሁበትን ንገሩኝ።


ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ

እህቴ፣ ነፍሱን ይማር። እናታችንንም እግዚአብሔር ያጽናቸው።

እኔ 23 ዓመት አገልግዬ በጡረታ የወጣሁ ነኝ፣ አሁን ሽንብጥ ነው የምኖረው። የጓደኞቼን ቤተሰቦች ይዤ ብዙ በር አንኳኩቻለሁ። መጀመሪያ ነገሩን ለሁለት ክፈይው። ሰው ሁሉ የሚደክመው ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ ስለሚዞር ነው። አንዱ መብት ነው፣ ሌላው ድጋፍ ነው።

መብቱ ጡረታው ነው። ይህ የፌዴራል ነው፣ እውነታቸውን ነው። ወንድምሽ በየወሩ ከደመወዙ 7 በመቶ ይቆረጥ ነበር። መንግሥት ደግሞ ለሠራዊት አባል 25 በመቶ ይከፍልለት ነበር፣ ለሲቪል ሠራተኛ የሚከፈለው 11 ነው። ይህ ልዩነት ዝም ብሎ አልመጣም፣ ወታደር ምን ላይ እንደሚቆም ስለሚታወቅ ነው። ስለዚህ ይህን ገንዘብ ስትጠይቁ አንገታችሁን አትድፉ። የሱ ላብ ነው።

ድጋፉ ግን የከተማው፣ የክፍለ ከተማውና የቀበሌው ነው። ጤና መድን፣ የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም፣ መሥሪያ ቦታ፣ ብድር ላይ ድጋፍ ደብዳቤ፣ ሴፍቲኔት ላይ መመዝገብ፣ እንዲህ እንዲህ ያለው። ይህ እንደ ጡረታው በቁጥር የተቀመጠ አይደለም፣ እንደ በጀቱና እንደ ኮሚቴው ነው። የሚጠይቅ ያገኛል፣ ያልጠየቀ ስሙ ዝርዝር ውስጥ የለም።

የተቆለፋችሁበት ቦታ ይገባኛል። ቀበሌው የክፍሉን ደብዳቤ ጠየቀ፣ ሌላው የቀበሌውን። ቁልፉ ያለው ወንድምሽ የነበረበት ክፍል ነው። እዚያ የሰው ሀብት አለ። መርዶ ያመጡላችሁ ሰዎች የሰጧችሁ ወረቀት ካለ ቁጥርና ቀን አለው፣ ራስጌው ላይ ፈልጊው። ያንን ቁጥር ደብተር ላይ ጻፊው፣ ስልክሽም ላይ አስቀምጪው። ከዚያ በኋላ ማንም ቢሮ ስትገቡ «ወንድሜ ተሰውቶ ነው የመጣሁት» ብላችሁ አትጀምሩ። «በቁጥር ይህን ያህል በቀን ይህን ያህል የተጻፈ ደብዳቤ ይዘን ነው» በሉ። ያሳዝናል፣ አውቃለሁ። ግን በር የሚከፍተው ቁጥሩ ነው።

ስለ ስሙ አትጨነቂ። ይህ ያልገጠመው የወታደር ቤት የለም። ብዙዎቻችን ስንቀጠር ስማችንን የጻፈው እንደሰማው ነው፣ የአባታችን ስም በአያታችን ስም የተጻፈብንም አለን።


ከፋይል ጋር የኖርኩ

እኔ በማኅበራዊ ጉዳይና በጡረታ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት የቆየሁ ሰው ነኝ፣ አሁን ለቅቄያለሁ። የሃምሳ አለቃውን ሐሳብ እደግፋለሁ። እኔ ስለ ቁጥሩ ልንገርሽ።

በጡረታ ሕጉ ቋንቋ እናንተ «ተተኪዎች» ትባላላችሁ። ቅጹ ላይ ይህን ቃል ስታዩ እንዳትደናገሩ። ሚስት የሟችን አበል 50 በመቶ ታገኛለች። እያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ፣ 18 ዓመት እስኪሞላው። ወላጅ ደግሞ፣ በሟች ድጋፍ ይተዳደር ከነበረ፣ 15 በመቶ። ስለዚህ እናትሽ መብት አላቸው።

አበሉ ራሱ እንዴት ይሰላል ለሚለው፣ አንድ የሠራዊት አባል 10 ዓመት ሲያገለግል ከደመወዙ 30 በመቶ ነው የሚጀምረው፣ ከዚያ በላይ ለያንዳንዱ ዓመት 1.65 ይጨመራል። በ12 ዓመት 33.3 ይሆናል። ነገር ግን በግዳጅ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሚታሰበው 47 በመቶ ነው፣ የሚበልጠው ይወሰዳል። ክፍሉ የሚጽፈው ደብዳቤ «በሥራ ላይ» ወይም «በግዳጅ ላይ» የሚለውን በግልጽ መያዝ አለበት የምለው ለዚህ ነው። «ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ» ብቻ ብሎ የቆመ ደብዳቤ አይቻለሁ። ቤተሰቡ ለወራት ተጉላላ። ደብዳቤውን ስትቀበሉ እዚያው ቆማችሁ አንብቡት።

ምሳሌ ላስላልሽ፣ ቁጥሩ የወንድምሽ አይደለም፣ ሒሳቡ እንዲገባሽ ነው። ደመወዙ 6,000 ብር ቢሆን 47 በመቶው 2,820 ነው። ከዚያ ላይ ለሚስት 1,410፣ ለያንዳንዱ ልጅ 564፣ ለእናት 423። አሁን ደምሪው። 50 እና 40 እና 15፣ 105 ይመጣል። ሕጉ ከ100 በላይ አይፈቅድም። ስለዚህ ከሁሉም በየድርሻው ይቀነሳል።

የሚያስፈልገው ማስረጃ፣ የክፍሉ ደብዳቤ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀት ከወሳኝ ኩነት፣ የሞት ምዝገባ፣ የሚስትና የእናት መታወቂያ፣ ፎቶግራፍ። ከፍርድ ቤት ደግሞ የወራሽነት ማስረጃ፣ ይህ ለጡረታው ብቻ አይደለም፣ ያልተከፈለ ደመወዝና ባንክ የቀረ ገንዘብ ካለ እሱንም ለማውጣት ነው። የልጆቹን ድርሻ እናታቸው ናት የምትቀበለው፣ በሕይወት ያለች እናት በሕግም ሞግዚት ናት፣ ይሁን እንጂ ወረቀት የሚጠይቅ ስለማይጠፋ ፍርድ ቤት ስትሄዱ አብራችሁ አስወስኑት። በዚያው መዝገብ ባይሆንም በዚያው ሳምንት ይሁን።

የ«ሀ» እና የ«ሃ»ውን ጉዳይ ለወረዳ ፍርድ ቤት አቤቱታ አቅርባችሁ «ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው ናቸው» የሚል ውሳኔ ይሰጣችኋል። የሚያውቁት ምስክሮች ይዛችሁ ሂዱ። አቤቱታው አጭር ነው።


የዓባይ ማዶዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደብዳቤውን አውጥቼ አየሁት፣ ቁጥር አለው። «በግዳጅ ላይ እያለ» ይላል። እንኳን ነገራችሁኝ።

አንድ የከበደኝ ነገር አለ፣ እንዴት እንደምጽፈውም አላውቅም። ትናንት ማታ ሒሳቡን ለወንድሜ ሚስት ሳነብላት ዝም አለች። ቆይታ «እማማ ከገቡ የልጆቹ ይቀንሳል ማለት ነው?» አለች። ክፉ ሆና አይደለም፣ እናቴን እንደ እናቷ ነው የምታያት። ግን ሁለት ልጅ ይዛ ፈርታለች። እናቴ ደግሞ ከጓዳ ሰምታ «እኔ ምን ቀረኝና፣ ለልጆቹ ይሁን» ብላ ነጠላዋን ተከናንባ ተኛች። ሌሊቱን ሁላችንም አልተኛንም። ምን ላድርግ?


ከፋይል ጋር የኖርኩ

እህቴ፣ ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። ደግሞም ብዙ ቤት ያቃቃረ ነው። ዛሬ ማታ ሦስታችሁም ባላችሁበት በወረቀት አስሉት።

እናት ካልጠየቁ፣ ለሚስት 50፣ ለልጆች 40፣ ጠቅላላ 90 በመቶ ነው የሚወጣው። በዚያው ምሳሌ 2,538 ብር። የቀረው 10 በመቶ ለልጆቹ አይሄድም፣ እዚያው ይቀራል። ማንም አይወስደውም።

እናት ከጠየቁ 100 በመቶው ይወጣል፣ 2,820። የሚስት ከ1,410 ወደ 1,343 ይወርዳል፣ የያንዳንዱ ልጅ ከ564 ወደ 537። ሦስቱ አንድ ላይ የሚቀነስባቸው 121 ብር ገደማ ነው። እናት ደግሞ 403 ብር ይዘው ይመጣሉ። አንድ ቤት፣ አንድ ምድጃ ላይ ለሚበሉ ሰዎች በየወሩ 282 ብር ብልጫ አለው። እናትሽ «ለልጆቹ ይሁን» ካሉ ለልጆቹ የሚሆነው ሲጠይቁ ነው እንጂ ሲተዉ አይደለም።

ሌላም ልንገርሽ። ልጅቷ 18 ሲሞላት የሷ 20 ይቀራል። ያኔ ድምሩ 85 ይሆናል፣ ቅነሳው የለም፣ ሁሉም ሙሉ ድርሻውን ያገኛል። አሁን ያልተጠየቀ መብት ያኔ ከባዶ ማስጀመር ከባድ ነው።

ለእናት ዋናው ማስረጃ በልጃቸው ይተዳደሩ እንደነበር ማሳየት ነው። ቀበሌያችሁ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። አብረው እንደሚኖሩና እሱ ይረዳቸው እንደነበር ጎረቤት ይመሰክራል፣ ቀበሌው ያረጋግጣል። ባንክ ይልክላቸው ከነበረ የባንኩን ዝርዝር አውጡ።


በቦርድ የወጣሁ

እኔ ቀኝ እግሬን ከጉልበት በታች አጥቼ በቦርድ የተሰናበትኩ ነኝ። ስለ ተተኪ ብዙ አላውቅም። ከከተማው በኩል ስለሚገኘው ልጻፍ፣ ምክንያቱም ጥያቄሽ ውስጥ እሱም አለ።

ስመለስ ያገዘኝ መጀመሪያ ገንዘብ አይደለም። እዚህ ባሕር ዳር የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ፣ ሰው ሠራሽ እግር እዚያ ነው የተሠራልኝ። ሰው የማያውቀው ግን እግሩ አንዴ ተሠርቶ አያልቅም። ጉቶው ይከሳል፣ ማቀፊያው ይሰፋል፣ ከዚያ ይልጣል። በመጀመሪያው ክረምት ሁለት ካልሲ ደርቤ፣ ሦስት ደርቤ፣ ጭቃው ውስጥ ስረግጥ እግሩ ወደ ኋላ እየቀረ ነበር የምሄደው። ማታ ሳወልቀው ካልሲው ደም ነክቶት አገኘው ነበር። ሄዶ ማስተካከል እንደሚቻል የነገረኝ የለም። በኋላ አንድ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ቤቴ ድረስ መጥታ አይታኝ፣ ቀጠሮ አስይዛ፣ የባጃጅ ከፍላ ወሰደችኝ። ያቺን ልጅ አልረሳትም። ከተማው ሰጠኝ የምለው ትልቁ ነገር የሷ ያን ቀን መምጣት ነው።

ከዚያ መሥሪያ ቦታ ጠየቅኩ፣ ተፈቀደልኝ። ስሄድ ግን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው መደገፊያ የለውም። ጫማ የመጠገኛ ማሽኔን ማን ያውጣልኝ? ኮሚቴው የፈለገው ሊረዳኝ ነው፣ ስሜን አንብቦ ሰጠኝ፣ እግሬን ግን አላየም። ተመልሼ በጽሑፍ አመለከትኩ። «ምድር ላይ ያለ ቦታ ይቀየርልኝ፣ ምክንያቱም እንዲህ ነው» ብዬ በግማሽ ገጽ። አራት ወር ፈጀ፣ ተቀየረ።

ስለዚህ የወንድምሽ ሚስት «እርዱኝ» ብላ አትግባ። ቡና ትሸጣለች አይደል? «ቡና የምሸጥበት ቦታ፣ ሰው የሚያልፍበት፣ ልጄን አጠገቤ የማስቀምጥበት» ብላ ትጻፍ። የሚያስፈልጋትን ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ማመልከቻው ሲገባ መዝገብ ቤት ቁጥር ይሰጠዋል፣ ኮፒው ላይ ማኅተም አስመትታ ትያዝ።

ጉዳት ደርሶበት ሥራ የሚፈልግ ይህን የሚያነብ ካለ፣ አዋጅ 568/2000 አለ። ለአካል ጉዳተኛ በውድድር ውጤቱ እኩል ወይም ተቀራራቢ ከሆነ ቅድሚያ ይሰጣል። ማስታወቂያ ላይ ባይጻፍም ጠቅሰህ አመልክት።


የግሽ ዓባይ ልጅ

ነፍስ ይማር። ቤተሰቡ ቢረዳ ደስ ይለኛል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፣ እኔ ሰፈር ባሏ ግንበኛ ሆኖ ከፎቅ ወድቆ የሞተባት ሴት አለች፣ ሦስት ልጅ አላት። እሷን ማንም ቅድሚያ አልሰጣትም። ለወታደር ቤተሰብ የተለየ ወረፋ ሲባል የሷ ወደ ኋላ አይገፋም ወይ? ለክርክር አይደለም፣ ከልቤ ነው።


በቦርድ የወጣሁ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ትክክል ነው። ያቺ ሴትም ቅድሚያ ሊሰጣት ይገባል፣ የሷን ስም ይዘህ ቀበሌ ብትሄድ ጥሩ ነው፣ ጤና መድኑ ላይም ሴፍቲኔቱ ላይም ችግሯ ነው የሚታየው።

የኛን ለየት የሚያደርገው ግን እንዲህ ነው። ግንበኛው የሞተው እዚሁ ነው፣ አሠሪው ይታወቃል፣ ያየው ሰው አለ። ወታደሩ የሞተው ቤተሰቡ በማያውቀው ቦታ ነው። ሚስቱ ለማን እንደምትደውል አታውቅም፣ ክፍሉ ቦታ ይቀያይራል፣ አዛዡም ይቀየራል። እኔ የተለየ ስንዴ ይሰጣት አላልኩም። ወረቀቱን አብሯት የሚከታተል ሰው ይኑር ነው የምለው። መንግሥት ልኮት ነው የሄደው፣ ወረቀቱንም መንግሥት ይፈልገው።


ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ

ልክ ብለሃል። እኔም ለዓመታት የምናገረው ይህንን ነው። በየክፍለ ከተማው ማኅበራዊ ጉዳይ ውስጥ አንድ ሰው ይመደብ፣ የነዚህን ቤተሰቦች ፋይል የሚይዝ፣ ወደ ክፍሉም ወደ ጡረታውም እሱ ደብዳቤ የሚጽፍ፣ መልሱንም እሱ የሚጠብቅ። በጀት አይጠይቅም። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ስልክ፣ አንድ ሰው። በየዓመቱ ጥቅምት 15 የሠራዊት ቀን ሲከበር እኛንም ይጠሩናል፣ እንሄዳለን፣ ክብር ይስጣቸው። በማግሥቱ ግን ያቺ ሴት ኮሪደር ላይ ነው ያለችው።


ከዘጌ

እኔ ስለ አባቴ ልጻፍ፣ የቀድሞው ሠራዊት አባል ነበር። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ከአሥመራ በኩል በሱዳን ዞሮ በእግሩ ገባ። ያኔ ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቁሞ ወደ ገጠር ለተመለሱት ቀለብና የእርሻ መነሻ ይሰጥ ነበር። ዘጌ ግን በሬ አይጠመድም፣ የገዳሙ ሥርዓት ነው፣ የምንኖረው በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው። ለሱ ዋናው እርዳታ የሆነው የገበሬ ማኅበሩ ሽማግሌዎች መጥተው የአያቴን የቡና ጓሮ ድንበር በእግራቸው ረግጠው «ይህ የሱ ነው» ማለታቸው ነው። በሌለበት ጊዜ ሌላ ሰው ገብቶበት ነበር። እስከ ዛሬ የምንበላው ከዚያ ነው።

አሁን አርጅቷል፣ ጆሮው በመድፍ ነው የተጎዳው፣ ደም ግፊትም አለው። ጤና መድኑ ላይ መክፈል ከማይችሉት ጋር ተመዝግቦ መዋጮው በመንግሥት ተሸፍኖለታል። ለዚህ ነው የጻፍኩት። ምዝገባውና እድሳቱ ጊዜ አለው፣ ካለፈ ዓመት ትጠብቃላችሁ። ቀበሌያችሁን አሁኑኑ ጠይቁ። እናትሽና ልጆቹ በአንድ ደብተር ይካተቱ እንደሆነም ጠይቂ። አባቴን ለሕክምና በጀልባ ወደ ባሕር ዳር ስወስደው ያቺን ደብተር በላስቲክ ጠቅልዬ ከሸሚዜ ውስጥ ነው የምይዛት፣ ውሃ እንዳይነካት።


የሁለት ልጆች እናት

እህቴ እኔም እንዳንቺ ወንድም ሚስት ነኝ። ባሌ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። የደረሰብኝን ልንገርሽ፣ እናንተ እንዳይደርስባችሁ።

የጋብቻ ወረቀቴን ዋናውን ሰጠሁ። «ፋይል ውስጥ ይቀመጣል» አለኝ ሰውየው፣ አመንኩት። ስመለስ ሰውየው ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል፣ ፋይሉ የለም። ሠርጋችን ቤተ ክርስቲያን ነበር፣ ከዚያ ነው በቀበሌ የተመዘገብነው፣ እንደገና ምትክ ለማውጣት ምስክር ፍለጋ ሚዜዎቻችንን እየዞርኩ እለምን ነበር። አንዱ አሜሪካ ሄዷል፣ አንዱ ሞቷል። ጡረታው በዚህ ምክንያት አንድ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው የተጀመረው።

አሁን ክላሰር ገዝቻለሁ፣ ዋናው አንድ ላይ ነው፣ ኮፒው ለብቻ። ዋናውን አሳያለሁ፣ እዚያው እያዩት ያመሳክራሉ፣ እቀበላለሁ። ፊታቸው ቢቀየርም እቀበላለሁ።

ልጆቹን በሚመለከት ነሐሴ ላይ ቀበሌ ሄደሽ አስመዝግቢ። እኔ ጋ ለመስከረም ደብተርና ዩኒፎርም ሰጥተውናል። መስከረም ከገባ በኋላ የሄዱት አላገኙም። የትምህርት ቤቱንም ርእሰ መምህር ንገሯቸው። ልጄ አባቷ የሞተ ጊዜ ክፍል ውስጥ ዝም ብላ ነበር፣ መምህሯ ባታውቅ ኖሮ ሰነፍ ሆነች ትላት ነበር።

ለወንድምሽ ሚስት ደግሞ ከፈለገች በውስጥ ትጻፍልኝ። እኔም ዓባይ ማዶ ነኝ። ቡናዋን መጥቼ እጠጣለሁ።


የዓባይ ማዶዋ

ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ሒሳቡን ማታ በደብተር ጽፌ አሳየኋቸው። የወንድሜ ሚስት ሁለት ጊዜ ደመረችው። ከዚያ ተነስታ እናቴ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና «እማማ፣ መታወቂያዎን ይስጡኝ» አለቻት። እናቴ መታወቂያዋን የምታስቀምጠው ከወንድሜ ፎቶ ጋር በአንድ ፌስታል ነው። ፌስታሉን እንዳለ ሰጠቻት።

ፍርድ ቤቱ የስሙን ጉዳይ ወሰነልን። ምስክር የሆኑት የዕድሩ ዳኛና ልጅ ሆነው አብረው የተማሩ አንድ ጓደኛው ናቸው። የወራሽነቱም በዚያው ሳምንት ወጣ። ቀበሌው እናቴ በሱ ትተዳደር እንደነበር ጻፈልን፣ አሁን ቁጥሩን ስንነግራቸው ጸሐፊዋ ራሷ ከመዝገብ ፈልጋ አመጣችልን፣ ተመስገን። ጤና መድኑ ላይ ስማቸው ተይዟል። የቡናው ቦታ ማመልከቻ ገብቷል፣ ማኅተም ያለበት ኮፒ አለን፣ መልስ ገና ነው። የሁለት ልጆች እናት እህታችን መጥታ ነበር፣ ከወንድሜ ሚስት ጋር እስኪመሽ ሲያወሩ ዋሉ። እንደዚያ ስታወራ ካየኋት ቆይቻለሁ።

ማክሰኞ የጡረታውን ፋይል ልናስገባ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። የልደት ምስክር ወረቀቶቹ ጀርባቸው ላይም ማኅተም አለ። ኮፒው በሁለቱም ገጽ ይሁን ወይስ ፊቱ ብቻ ይበቃል?


ከፋይል ጋር የኖርኩ

በሁለቱም ገጽ። ሦስት ሦስት ኮፒ አድርጊ። ዋናውን አሳይታችሁ ተቀበሉ።


ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ

ማክሰኞ እኔም ነፃ ነኝ። 2 ሰዓት ላይ በሩ ጋ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ። ግራጫ ኮት ነው የምለብሰው፣ ከዘራ ይዣለሁ። እናታችን ከመጡ ወንበር እኔ አስፈልግላቸዋለሁ፣ አይቁሙ።